ልጄ በህንድ አገር ሊሞሸር ነው፤ የእኔ ቦታ የት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምጽፍልሽ ከቢቸና ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ህንድ አገር፣ ቪሻካፓትናም በምትባል ከተማ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር ከአንዲት የአገሩ ልጅ ጋር ተዋደደ። አሁን ሊጋቡ ነው። ልጅቷን በስልክ አነጋግሬአታለሁ። «እማዬ» ትለኛለች። ወድጃታለሁ።

ቤተሰቦቿ ሂንዱዎች ናቸው። ሠርጉ እዚያው በእነሱ ወግ ይሁን፣ መልሱ ቢቸና ይሁን ተባብለናል። አባቱ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ልጁን ይዤ የምሄደው እኔ፣ ወንድሜና ሚስቱ ነን።

ጭንቀቴ ብዙ ነው። በእሳት ዙሪያ ይዞራሉ ሲሉ ሰማሁ፤ ልጄ ለእሳት ሊሰግድ ነው? ማተቡን በጥስ ይሉት ይሆን? አንድ አባት ደግሞ «ህንዶች እኮ በሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው» አሉኝ፤ እውነት ነው? ቀኑንስ ማን ነው የሚቆርጠው? ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ አሠርቻለሁ፤ ይሆናል? ጎረቤቶቼ «ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው? ተቀምጠሽ ከማየት በቀር» ይሉኛል። የሙሽራ እናት ሆኜ እንደ እንግዳ መቀመጥ አልችልም። እስቲ ምከሪኝ።»

የሙሽራው እናት፣ ከቢቸና

መልስ

እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ እዚያው ቪሻካፓትናም ኖሬአለሁ። ባለቤቴ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲሠራ፣ እኔ ሕፃን ታቅፌ ቤት ነበርኩ። የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። የአገራችን ተማሪም እዚያ ብዙ ነው። የአከራያችን ልጅ ስትዳር ከዳስ ተከላው እስከ ሽኝቱ አብሬአቸው ሰነበትኩ። የሂንዱ ሠርግ እንደየአገሩና እንደየቤቱ ይለያያል። በሰሜን በኩል ሙሽራው በፈረስ ተቀምጦ በከበሮ ይመጣል። ምራትዎ የዚያው ከተማ ልጅ ከሆነች ቴሉጉ ተናጋሪ መሆኗ አይቀርም። ስለዚህ እዚያ ያየሁትን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ ያልጠየቁኝን ነገር ላንሣ። የልጁ አባት ማረፋቸውን ጽፈዋል። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ስትድር ከማንም በላይ ትከበራለች። «ብቻዋን አሳድጋ ለዚህ አበቃችው» ይባልላታል። በድሮው የሂንዱ ልማድ ግን ባል የሞተባት ሴት ከሠርግ ሥርዓት ትገለል ነበር። ሙሽራ አትቀባም። ወደ ፊት አትቀመጥም። ለሙሽሮቹ ጥሩ ምልክት አይደለችም ይባል ነበር። ዛሬ ይህን የተወ ቤተሰብ ብዙ ነው። ያልተወም አለ። አከራያችን ቤት አንዲት አክስት ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሲፈጩ፣ ሲያበጥሩ፣ አበባ ሲሰኩ ከረሙ። የሠርጉ ሰዓት ሲደርስ ግን ከምሰሶ ጀርባ ቆመው አየኋቸው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ባላቸው እንደሞቱባቸው ነገሩኝ። ያን ዕለት ያዘንኩት ሐዘን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይህን የምነግርዎ እንዲቀሩ አይደለም። እዚያ ደርሰው በሰው ፊት ድንገት እንዳይሰሙት ነው። ልማዱን አጥብቀው የተቃወሙት ደግሞ የዚያው አገር፣ የአንድራ ግዛት፣ ልጆች ናቸው። ካንዱኩሪ ቪሬሳሊንጋም የሚባሉ የቴሉጉ ጸሐፊ ነበሩ። በፈረንጆች ታኅሣሥ 11 ቀን 1881 ራጃሙንድሪ በምትባል ከተማ ባል የሞተባትን ልጅ አስተባብረው ዳሩ። ሕጉ ከ1856 ጀምሮ ቢፈቅድም ሰው ይፈራው ነበር። የምራትዎ ወላጆች ስማቸውን በደንብ ያውቁታል። እንግዲህ ልጅዎ ከአሁኑ፣ ቀን ሳይቆረጥ፣ አማቾቹን በግልጽ ይጠይቅ። «እናቴ በእጇ እርድ ትቀባኛለች? ከአጠገቤስ ትቀመጣለች?» ይበላቸው። አንዳንዱ ሥርዓት ባልና ሚስት ጥንድ ሆነው እንዲቀመጡ ይጠይቃል። ለእሱ ወንድምዎና ሚስታቸው አሉልዎት። እርስዎ ከጎናቸው ይቀመጣሉ። አስቀድሞ የተነገረ ነገር አያጣላም።

እርድ ያልኩት ያንኑ የወጡን እርድ ነው። ሠርጉ ሲቃረብ ሙሽራውም ሙሽሪትም በየቤታቸው ዘይትና እርድ ይቀባሉ። የሚቀቡት የቤተሰቡ ሴቶች ናቸው፤ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን። ከዚያ ገላቸውን ይታጠባሉ። በእኛ አገር ሴቶቹ ለሠርግ እንሶስላ እንደሚሞቁት ማለት ነው። ሙሽሪትም እጇን በሂና ትነቀሳለች። እንሶስላ ሲሞቁ ላደጉት ለእርስዎ እንግዳ አይሆንብዎትም። የሙሽራው ጉንጭ ላይ ደግሞ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ያደርጋሉ። ከሰው ዓይን ይጠብቃል ይላሉ። ይህንንም ቢቸና ማንም አያስረዳዎትም፤ ያውቁታል።

ዳሱን ሲያዩ ሆድዎ ይባባል። ከአበባና ከቅጠል የሚሠራ ነው። ምሰሶው ላይ የሙዝ ግንድ ከነቅጠሉ ያስራሉ። በበሩ ላይ የማንጎ ቅጠል በክር ሰክተው ያንጠለጥላሉ። የጎጃም ዳስ በባሕር ዛፍ ቆመጥ ቆሞ ቄጤማ እንደሚጎዘጎዝለት፣ የእነሱም የራሱ ጠረን አለው። ጫማዎን ከመግባትዎ በፊት ያወልቁ። ይህን እንግዳው ሁሉ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሌሊት ልምጣ። አዎ፣ ሌሊት ሊሆን ይችላል። የተመረጠው ሰዓት ሙሁርታም ይባላል። የአከራያችን ልጅ ጥሪ ወረቀት ላይ በፈረንጅ ሰዓት 2፡40 ይል ነበር። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው። እነሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑን ይቀይራሉ፤ እኛ ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር እንቆጥረዋለን። በዚህ ምክንያት ሠርግ ያመለጣቸው የአገራችን ልጆች አውቃለሁ። ሙሉ አንድ ቀን ዘግይተው ነው የደረሱት። ወረቀቱን ልጅዎ በእጁ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ይጻፍልዎት።

ከሰዓቱ በፊት የሙሽሪት አባት የሙሽራውን እግር ያጥባሉ። አይደንግጡ። ልጅዎም «ተው አባባ» ብሎ እግሩን እንዳይሰበስብ አስቀድመው ይንገሩት። እግር ሲታጠብ ሙሽራው እንደ ቪሽኑ፣ ማለት እንደ አምላካቸው ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ የሚቸገሩበት ቦታ ይኼ ሊሆን ይችላል። ወደዚህ እመለሳለሁ። እግር አጥበው «ልጃችንን ሰጥተንሃል» ይላሉ። ካንያዳናም ይሉታል።

ከዚያ ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በመካከላቸው መጋረጃ ይዘረጋል። አይተያዩም። በእጃቸው ከሙንና ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ተደቁሶ የተለወሰ አለ። ሰዓቱ እስኪደርስ ካህኑ ሰዓት እያዩ ይጠብቃሉ። ልክ ሲደርስ ሁለቱም እጃቸውን በመጋረጃው በላይ አሻግረው ልውሱን አንዱ በሌላው ራስ ላይ ያሳርፋሉ። ጂላካራ ቤላም ይባላል። ከሙን ይመራል፣ ስኳሩ ይጣፍጣል፤ አንዴ ከተለወሰ አይለይም። ለቴሉጉዎች ጋብቻው የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነው። መጋረጃው ይወርዳል። ይተያያሉ።

ቀጥሎ ክሩ ይመጣል። በእርድ የተነከረ ቢጫ ክር ነው፤ ሁለት ትንንሽ የወርቅ ጌጥ አለበት። ማንጋላሱትራም ይሉታል። ሙሽራው በአንገቷ ላይ ሦስት ቋጠሮ ያስርላታል። አንዱ ወርቅ ከወላጆቿ፣ አንዱ ከሙሽራው ቤት ነው። የእርስዎ ድርሻ አንዱ ወርቅ ነው ማለት ነው። ከዚህ ገዝተው አይሂዱ። ቅርጹ እንደየቤተሰቡ ስለሚለያይ ከእናቷ ጋር ሆነው እዚያው ያሠሩት። ሁለት እናቶች ወርቅ ቤት አብረው ከዋሉ የቋንቋ ነገር ይረሳል።

ክሩ ሲታሰር ካህኑ ጣታቸውን ያነሣሉ። ያን ጊዜ ከበሮውና ረጅሙ መለከት በአንድ ላይ ያስገመግማል። ክፉ ድምፅ እንዳይሰማ ነው ይላሉ። እንግዳው ሁሉ በእርድ የታሸ ሩዝ በሙሽሮቹ ላይ ይበትናል። አክሺንታሉ ነው ስሙ። ምርቃት ነው። ለእኔም እፍኝ ሰጥተውኝ ነበር። ገና ሳይታሰር ልበትን እጄን ሳነሣ አንዲት አሮጊት እጄን በእጃቸው ጨብጠው ያዙኝ። ቃል አልተናገሩም። ከበሮው ሲመታ ለቀቁኝ። እኔም ሩዙን በትኜ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሴቶቹ ሁሉ ዞር አሉ። ከዚያ እያንዳንዷ «ድገሚልን» አለች። እትዬ፣ እልልታዎን ይዘው ይሂዱ። ለክፉ ሳይሆን ለደስታ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል።

ሙሽሮቹም ሩዝ በእጃቸው እየዘገኑ አንዱ በሌላው ራስ ላይ ያፈሳሉ። ማን ይቅደም ብለው ይሽቀዳደማሉ። እስከዚያች ሰዓት የጨነቀው ፊት ሁሉ እዚህ ላይ ይፈታል። በመጨረሻ እሳቱ ዘንድ ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። ሳፕታፓዲ ነው። ለምግብ፣ ለብርታት፣ ለሀብት፣ ለልጅ፣ ለወዳጅነት፣ እንዲህ እያሉ በየእርምጃው ቃል ይገባሉ። ወጥተውም ወደ ሰማይ እያሳዩ አሩንዳቲ የምትባለውን ኮከብ ያሳዩአቸዋል። በሰሜን ሰማይ ካሉት ሰባት ኮከቦች ከአንዱ ተጠግታ የምትታይ ትንሽ ኮከብ ናት። የታማኝ ሚስት ምሳሌ ናት ይላሉ።

እሳቱን ጠይቀውኛል። ሸፍኜ አልነግርዎትም። በእነሱ ዘንድ እሳት ምስክርም አምላክም ነው። ቅቤ ይጨመርበታል፤ ጸሎት ይደረግበታል። ስለዚህ «ባህል ብቻ ነው» ብዬ ባጽናናዎት አታለልኩዎ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ተክሊል የምትፈጽመው ሁለቱም የተጠመቁ ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ ነው። ልጅዎ ቢቆርብ፣ ባይቆርብ፣ በየትኛው ሥርዓት ቢቆም፣ በየትኛው ባይቆም የሚነግሩት የነፍስ አባቱ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ወደ ነፍስ አባቱ ግን ከሠርጉ በፊት ይሂድ። ሥርዓቱን አንድ በአንድ ጽፎ ይዞ ይሂድ። ከዚያም የሚችለውንና የማይችለውን ለአማቾቹ ይንገር። የእነሱ ካህን አንዳንዱን ሥርዓት ማሳጠርና ማስቀረት ይችላሉ። እኔ ጸሎት ሲደረግ ጥጌን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድም ሰው ክፉ ዓይን አላየኝም። ሰው በሃይማኖቱ መጽናቱን እነሱም ያከብራሉ።

ማተቡን ማንም በጥስ አይለውም። ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። እሱ በአንገቱ ማተብ ያለው ሰው ነው። እሷም ከዚያ ሌሊት በኋላ የአንገት ክር ይኖራታል። «ክርሽ ምንድን ነው? ክርህ ምንድን ነው?» ተባብለው ቁጭ ብለው ቢያወሩ ደስ ይለኛል።

ወንድሞቻችን ናቸው ያሉት አባት አልተሳሳቱም። ግን የተናገሩት ስለ ሌሎቹ ነው። በደቡብ ህንድ በኬረላ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች። እሷ እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ናት። በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበስቡ የእነሱም መሪ፣ ካቶሊኮስ የሚባሉት፣ መጥተዋል። በጃንሆይ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ ከነበሩት ህንዳውያን አስተማሪዎች ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ። ደብረ ማርቆስ አባቴን ሒሳብ ያስተማሩት አንዱ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ያስቀድሱ ነበር ይላል። እነሱም በሠርጋቸው ቀን በሙሽሪት አንገት የወርቅ ጌጥ በክር ያስራሉ፤ በላዩ ግን መስቀል አለበት። ይህን የምነግርዎ ክር ማሰሩ የአገሬው ሁሉ ወግ መሆኑን እንዲያውቁት ነው። የምራትዎ ቤተሰቦች ግን ሂንዱዎች ናቸው። ሁለቱን አያደባልቁ።

ስለ ቀኑ። ቀን የሚቆርጡት የእነሱ ካህን ናቸው፤ የጨረቃ አቆጣጠር መጽሐፋቸውን አይተው። የልጅዎን የልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታም ይጠይቃሉ። የሁለቱን ኮከብ ያስተያያሉ፤ ከ36 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ቢያንስ 18 ሲሞላ ይሆናል ይላሉ። «ኮከባቸው ገጠመ ወይ?» ማለት እኛም አገር የነበረ ነው። የነፍስ አባትዎ ይህንንም ላይወዱት ይችላሉ። «የሚካኤል ዕለት፣ ከብት ሲገባ» ብለው ልደቱን የሚያስታውሱት ከሆነ ግን ከአሁኑ ወደ ፈረንጅ ቀንና ሰዓት ያስለውጡት።

ወሩ ላይ እርስዎም ድምፅ አለዎት። እነሱ አሻዳ በሚሉት የክረምት ወር አይድሩም። ፑሽያ የሚባለውም ከገና ወዲህና ወዲያ ያለው ወር አይሆንም። እኛ ደግሞ በጾም አንድርም። ከሁለቱም የሚተርፈው የጥር መጨረሻ ነው። ማጋ የሚሉት ወር አብዛኛውን ጊዜ ያን ሰሞን ይገባል፤ ለእነሱም የሠርግ ወር ነው። ጾመ ነነዌ እንዳይገጥም ብቻ ይዩ፤ ዐቢይ ጾምም ሳይገባ መልሱ ይደርሳል። ከፋሲካ በኋላም ይድራሉ። ግን ግንቦት ቪሻካፓትናም የሚሞቀው ሙቀት የደጋ ሰው አይችለውም። ጥር ይሁን ብለው ይለምኑ።

የወረቀቱን ነገር ልጅዎ ይጨርሰው። ዋናውን ግን ይወቁት። የሂንዱ ጋብቻ ሕግ የሚባለው፣ በፈረንጆች የ1955ቱ ሕግ፣ ለሁለት ሂንዱዎች ነው። አንዱ ክርስቲያን ከሆነ የሚመዘገቡት በፈረንጆች በ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ ነው። እሱ የ30 ቀን ማስታወቂያ አለው። ከሁለቱ አንዱ በዚያ ወረዳ 30 ቀን የተቀመጠ መሆን አለበት። ሦስት ምስክር ይፈርማል። ወንዱ 21፣ ሴቷ 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከዚህ አውጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጦ ይያዝ። ዳስ ውስጥ ሰባት እርምጃ ስለተራመዱ ብቻ በሕግ ተጋቡ ማለት አይደለም። ሰነዱ ካለ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በውጭ አገር በአገሩ ሕግ የተፈጸመን ጋብቻ፣ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ፣ ይቀበለዋል። እርስዎም የቢጫ ወባ ክትባት ከመሄድዎ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለው ይውሰዱ። ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ህንድ ያለዚያ ወረቀት አታሳልፍም።

ልብሱ! እትዬ፣ ንጹሑን ነጭ አይልበሱት። ነጭ በእነሱ ዘንድ የሐዘን ነው። ባል የሞተባት ሴት የምትለብሰውም እሱን ነበር። እርስዎ በነጭ ቢገቡ ሳያውቁት ያንን የድሮ ልማድ በራስዎ ላይ ለበሱት ማለት ነው። ጥቁርም አይሆንም። ግን ያሠሩትን አይጣሉ። ቴሉጉ ሙሽሪት በሥርዓቱ ሰዓት የምትለብሰው ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ልብስ ነው። ስለዚህ ቀሚስዎን ለሸማኔው መልሰው ሰፊ ቀይ ጥለት፣ ከወርቅማ ጋር፣ ያስገቡበት። ነጠላውንም እንደዚያው። ያን ጊዜ የእነሱንም የእኛንም ይመስላል። ለምራትዎ አንድ ጥልፍ ቀሚስ ይዘው ይሂዱ፤ ለመልሱ ትለብሰዋለች። በፖስታ ገንዘብ የሚሰጥ ዘመድ ካለ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር አይስጥ። ቴሉጉዎች 116 ወይም 1116 ሩፒ ነው የሚሰጡት።

መልሱ ላይ በሬው እንዴት ይሁን ብለው ማሰብዎ አይቀርም። አማቾችዎ በመጡበት ግቢ በሬ አይታረድ። ላምና በሬ ለእነሱ ክቡር ናቸው። ዘመድዎ ሥጋ ይብላ ካሉ እርዱ ከቤት ራቅ ብሎ፣ እነሱ ሳይደርሱ ይለቅ። ብርንዶው ሌላ ቤት ይሁን። ዳሱን ለሁለት ይክፈሉት። ስለ ምግቡ ከታች ለባሕር ዳሯ እኅታችን የመለስኩትን ይዩልኝ።

የመጨረሻውን ሥርዓት አስቀርቼዋለሁ፤ የእርስዎ ስለሆነ። አፓጊንታሉ ይባላል፤ አደራ መስጠት ማለት ነው። የሙሽሪትን መዳፍ ወተት ውስጥ ይነክሩታል። ከዚያ ወላጆቿ ያንን እርጥብ እጅ በሙሽራው ወላጆች እጅ ላይ ያስቀምጡታል። እናቷ ያለቅሳሉ። አባቷም ያለቅሳሉ። አከራያችን፣ በኪራይ ቀን ፈገግ ብለው የማያውቁት ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ልጅዎ አማቾቹን ሲያነጋግር ከሁሉ አስበልጦ ይህን ይጠይቅልዎት። ያን እጅ የሚቀበሉት እርስዎ ይሁኑ። በቴሉጉ የሚሉት አይገባዎትም። እርስዎም በአማርኛ «ልጄ ናት» ይበሏቸው።

ጥያቄ

«በባሕር ዳር የድግስ ምግብ አዘጋጅ ነኝ። ህንዳውያን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ልጃቸውን እዚሁ ሊድሩ ሥራ ሰጡኝ። እንግዳው 60 ይሆናል። «ሥጋ የለም» ስላሉኝ የጾም ምግብና የጣና ዓሣ አስቤአለሁ። በዚያ ላይ አዳራሹ «እሳት አይነድበትም» አለን። ምን ላድርግ?»

ከባሕር ዳር

መልስ

እታለም፣ ዓሣውን ተይው። እኛ ጾም ነው ብለን የምንበላው ዓሣ ለእነሱ ሥጋ ነው። እንቁላልም አብዛኞቹ አይበሉም። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን ይበላሉ። ስለዚህ የጾም ምግብ ላይ ቅቤ ብትጨምሪ ደስ ይላቸዋል። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ሁሉም ይሆናል። በርበሬሽንም አትፍሪ። አንዳንድ ቤተሰብ በጸሎቱ ቀን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስለማይበላ ይህን ጠይቂ። ሥጋ የተሠራበት ድስትና ጭልፋ አይነካካው፤ ካለሽ አዲስ ተጠቀሚ። በትሪ አንድ ላይ ከማቅረብ ለየብቻ ሳህን ይሻላል። ሌላው የበላበትን መንካት አይወዱም። ጠላና ጠጁም ሥርዓቱ ሳያልቅ አይቅረብ።

እሳቱ ትንሽ ናት። በብረት ሳህን ወይም በጡብ መደብ ላይ ነው የምትነደው። አዳራሹ እንቢ ካለ ግቢው ውስጥ ዳስ አስተክዪ። ከላይዋ ግን ሸራ አይኑር። ከሥር አሸዋ አንጥፊ፤ አንድ ባልዲ ውኃም አጠገብ አስቀምጪ። የማንጎ እንጨት ፈልጊ። እነሱ ለዚህ የሚወዱት እሱን ነው፤ ቅጠሉም ለበሩ ይሆናል። ደረቁን ምረጪ፤ እርጥቡ ሰውን በጭስ ይፈጀዋል።

እሳቱ ላይ የሚጨመረው ቅቤ ተነጥሮ የጠራ ይሁን እንጂ ኮረሪማም፣ ኮሰረትም፣ ምንም ቅመም አይግባበት። ገበያ የምትገዢውን ለጋ ቅቤ ለብቻ በንጹሕ ድስት አንጥሪው። ለመበተን የሚሆነውን ሩዝ የፎገራውን መጠቀም ትችያለሽ። ግን የተሰበረው ተለቅሞ ይውጣ። ለምርቃት የሚሆነው ሙሉ ፍሬ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ከዋዜማው ጠዋት ጀምረው ይልቀሙልሽ። ማታ በእርድና በትንሽ ቅቤ አሽተሽ ሰፌድ ላይ አስጪው። ኮኮናቱንም ከአሁኑ ከአዲስ አበባ እዘዢ፤ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ስትፈልጊ እንዳታጪው።